አውራ ሲመረጥ ውኃ የሚጠማት ሴት

ነፋሱ ፊቱን ሲያዞርና የበጎቹ ትንፋሽ ጠዋት ጠዋት መታየት ሲጀምር፣ ዓይናማው የበረቱን ጠባብ በር ከፍቶ በጎቹን አንድ በአንድ ያሳልፋል። የምታልፈዋን በጉልበቱ ከግድግዳው ጋር ያዝ ያደርግና መዳፉን ከመጨረሻው የጎን አጥንት ኋላ፣ ወገቧ ላይ ጫን ያደርጋል። በዚህ ሥራ ዓይን አይረዳም፤ ፀጉር ያታልላል። ድንቡሽ ያለች የምትመስለው በግ ከፀጉሯ ሥር አጥንት ብቻ ሆና ትገኛለች። አጥንቱ እጁን ከቆረቆረው ወደ ግራው ጋጣ፣ ጣቱ ሥጋ ውስጥ ሰመጥ ካለ ወደ ቀኙ። ለግራዎቹ ክረምቱ ሳይገባ እህል ይጨመርላቸዋል፤ ለቀኞቹ ድርቆሻቸው ይበቃቸዋል።

«ስንት ሆኑ?» አለች ሴት ልጁ። በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ፣ አንዷን በግ በጀርባዋ አስደግፋ ሰኮናዋን እየከረከመች ነበር።

«አራት በግራ፣ ሰባት በቀኝ።»

«አሥራ አንድ» አለችና መከርከሚያውን ሱሪዋ ላይ ጠረገችው።

አምና በዚህ ጊዜ አሥራ አምስት ነበሩ። ሁለቱም ያውቁታል፤ አንዳቸውም ግን አላነሱትም።

በጎቹ ድቅል ናቸው። የዘራቸው መነሻ ሚስቱ ሲጋቡ ይዛት የመጣችው አንዲት ግራጫ በግ ናት፤ ትንሽ፣ ብርድ የማይበግራት፣ ካገኘችው ሁሉ የምትግጥ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሥጋቸው የበዛ፣ ከሩቅ የመጡ የትላልቅ አውራ በጎች ደም ገባባቸው። «ከእናታቸው ትዕግሥት፣ ከአባታቸው ሆድ ወርሰዋል» ይል ነበር ዓይናማው ሲቀልድ። ችግሩ ዳሌያቸው የእናታቸው ሆኖ መቅረቱ ነው። ጠባብ ነው። ራሱ ትልቅ፣ ትከሻው ሰፊ የሆነ አውራ የተገናኛት ድቅል በግ፣ የምትወልደውም እንደዚያው ይሆንና ምጥ ላይ ትቀራለች። ስለዚህ ለድቅል በግ አውራ መምረጥ ቀላል ነገር አይደለም፤ ዓይናማው ደግሞ ስሙን ያገኘው በዚሁ ነው።

ስሙን ያወጣለት የከብት ገበያው ሥጋ ሻጭ ነበር። ለተከታታይ ዓመታት የሌላው ሰው በጎች በምጥ ሲያልቁ የእሱ በጎች ግልገሎቻቸውን አስከትለው ሲወጡ አይቶ፣ «ሰውዬው ያለው ዓይን አይደለም፣ ሚዛን ነው!» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይናማው ሆነ። እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚጠራለት የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ብቻ ነበር፤ እዚያም ሁለት ሦስት ጊዜ ካልተጠራ የራሱ መሆኑ ትዝ አይለውም።

ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆናት። አምና ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ሄዶ አውራ መረጠ። ሲያመጣው መንገደኛ ቆሞ ነበር ያየው፤ ጭንቅላቱ የኮርማ፣ ደረቱ ደግሞ ሁለት ሰው የማይችለው። ክረምቱ ሲወጣ አራት በጎች በምጥ ሞቱ። ልጁ እጇ ትንሽ ስለሆነ እስከ ክንዷ እያስገባች ግልገሎቹን የምትጎትተው እሷ ነበረች። አራተኛዋ የሞተችው በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤት አጥር ላይ ተደግፎ እያየ ነው። ዓይናማው በሳምንቱ ከተማ ሄዶ መነጽር አሠራ።

«አባዬ» አለች አሁን ልጁ፣ በጓን እየለቀቀቻት። «ዘንድሮ አንዲት እንኳ በምጥ ብትሞትብኝ፣ የቀሩትን እሸጣቸዋለሁ።»

«የእናትሽን በጎች?»

«የእናቴን በጎች። እጄን እዚያ ውስጥ ድጋሚ አልከትም። እያለቀሱ በግ ማርባት ምን የሚሉት ነው?»

ቀልዳ እንደሆነ ፊቷን አየ። የምሯን ነበር።

የዚያን ሳምንት ሥራ ሠሩ። የተነሳውን ቆርቆሮ መልሰው መቱት፣ ነፋስ የሚገባበትን ወገን በሳንቃ ደፈኑት፣ ድርቆሹን ከመሬት አንስተው በእንጨት ላይ ከመሩት፣ ለሁሉም የትል መድኃኒት አጠጧቸው። ከበሩ አጠገብ ምስማሩ ላይ የሚስቱ የዝናብ ልብስ እስካሁን ተሰቅሏል። ማንም አያወርደውም፤ ግን ሳንቃውን ሲመቱ አቧራ እንዳይነካው ልጁ ገልብጣ ሰቀለችው።

ከዚያ በመኪናቸው ወደ ጢሞ ግቢ ሄዱ።

ጢሞ በጢሙ ብዛት የተሰየመ አውራ አርቢ ነው፤ ከዓይናማው ጋር ሠላሳ ዓመት ሲሰዳደቡ ኖረዋል። ከአጥሩ ሥር አውራዎቹን ደርድሮ፣ ገዢዎች ከብበውት ቆሟል።

«ዓይናማው! መነጽር አድርገህ መጣህ?» ብሎ ጮኸ። «እንግዲህ ስሙን ልትመልስልን ነው!»

«አንተ ጢምህን የተላጨህ ቀን እመልሳለሁ።»

ሰዎቹ ሳቁ። ጢሞ ክንዱን ይዞ አንድ ነጭ አውራ ፊት አቆመው። «እስቲ ይህን እየው። በግ ነው ካሚዮን?»

በእርግጥም ያምራል። ዓይናማው ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን አየ፣ እግሩን አነሳ፣ ቆለጡን ዳሰሰ፣ በጠንካራ መሬት ላይ ወዲያና ወዲህ አስኬደው። አንድም እንከን የለውም። የአምናውም አንድም እንከን አልነበረበትም። ከዳር አንድ ቡናማ አውራ ብቻውን ቆሞ ያመነዥካል፤ ራሱ ጠበብ ያለ፣ ጆሮው የተቀደደ። ያንንም አየው። እንደገና ነጩን አየ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገና መልሶ አደረገው። አውራዎቹ ይበልጥ ጠርተው ታዩት እንጂ የጨመረለት ነገር አልነበረም።

ልጁ ከጎኑ ቆማለች። ሰዉ ሁሉ ከአፉ የሚወጣውን ይጠብቃል። ያኔ ነው ሚስቱ ትዝ ያለችው፤ እዚሁ ቦታ ላይ፣ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች።

ሁልጊዜ ይጠማት ነበር። አንድም ዓመት አላመለጣትም። ገና ከግቢው ሲደርሱ «እኔስ ውኃ ጠማኝ» ትልና ወደ ጢሞ ማድ ቤት ትገባለች። ለብዙ ጊዜ አትወጣም። «አንቺ ሴትዮ፣ ወንዝ ነው የምትጠጪው?» ይላታል ስትመለስ። አፏን በእጇ ጀርባ ጠረግ እያደረገች አውራዎቹን አንዴ ታይና፣ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ያኛው ደስ ይለኛል» ትላለች። እሱም የዚያኑ ጊዜ ያ አውራ እያማረው ይመጣል። እግሩን ያደንቃል፣ ወገቡን ያደንቃል፣ ለሰው ሁሉ ምክንያቱን ይደረድራል። ሊለው የነበረውን ቀደም ብላ ያለችው ይመስለው ነበር። ሠላሳ ዓመት እንደዚያ መሰለው።

«እ?» አለ ጢሞ። «መረጥክ?»

«ውኃ ጠማኝ» አለ ዓይናማው።

ማድ ቤቱ ጠባብ ነው፤ አንድ መስኮት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ የውኃ በርሜል። የጢሞ ሚስት ሽንኩርት እየላጠች ነበርና ስታየው ዓይኗን በክንዷ አበሰች። ከመደርደሪያው ላይ አንድ ሰማያዊ የቆርቆሮ ኩባያ አወረደች።

«የእሳቸው ነች» አለች ውኃ እየቀዳች። «እትዬ ሌላ አይዙም ነበር።»

ጠጣ። እስከ መጨረሻው ጠጥቶ ሲመልስላት ኩባያውን አየችና ሳቋ መጣ።

«ምነው?»

«እርስዎ ጠጡት! እትዬ እኮ አንድ ቀን ጠጥተውት አያውቁም። ይዘውት ይቀመጣሉ፣ ሲሄዱ እኔ አበባው ላይ እደፋዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ታደርግ ነበር?»

«ይጠይቁኝ ነበራ።» ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ነጩን ማን ወለደው? እንዴት ወለደችው? ስንት ሰዓት አማጠች? ሰው ጎትቶላታል? ከዚያስ በኋላ ወልዳለች? አንዱንም አይተዉም። የእኔ ባል በመውለጃ ጊዜ ገበያ ለገበያ ነው፤ እሱ የሚያውቀው ቆመው ሲሄዱ ነው። ምጡ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ።»

ዓይናማው በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«ለምን አልነገረችኝም?»

ሴትዮዋ ሽንኩርቷን መልሳ አነሳች። «እኔ ምን ብዬ... 'ነግሬው ነበር' አሉኝ። መጀመሪያ ዓመት። 'ጠይቅ ብዬው ሰው ፊት ሳቀብኝ' አሉኝ። ግን ቂም አልነበራቸውም ጋሼ፣ እየሳቁ ነው ያወሩኝ።»

ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ፣ ዓይኑ አቃጠለው። ትዝ አለው። ወጣት ነበሩ፤ እሷ ቀስ ብላ እጅጌውን ጎተት አድርጋ፣ «እናቱ እንዴት እንደወለደችው ጠይቃቸው» አለችው። እሱም ጮክ ብሎ፣ ወንዶቹ ሁሉ እንዲሰሙ፣ «አውራ ልገዛ እንጂ አራስ ልጠይቅ አልመጣሁም!» አለ። ሳቅ በሳቅ ሆነ። ጢሞ ቀልዷን ወዷት ለዓመታት ሲደግማት ኖረ። እሷ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ደግማ አልጠየቀችውም። ውኃ ብቻ ይጠማት ጀመር።

«ነጩ?» አለ። «ነጩን እንዴት ወለደችው?»

«ነጩን ተዉት። ሁለት ሰው በገመድ ነው ያወጣው። እናቱ ከዚያ ወዲህ ፅንስ አልያዘላትም።»

«ያ ጆሮው የተቀደደውስ?»

ፊቷ በራ። «እሱ? እናቱ እየጋጠች ነው የጣለችው። ባልዲ ላስቀምጥ ዞር ስል ቆሞ ይጠባል። እህቶቹም እንደዚያው ናቸው።»

ሲወጣ ብርሃኑ ዓይኑን ወጋው። ነጩን አልፎ ሄዶ የቡናማውን ገመድ ፈታ።

«ይሄን?» ጢሞ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ይሄ እኮ ፍየል ነው! ሰዎች፣ ዓይናማው አረጀ!»

ከገዢዎቹ መሐል አንድ ግንበኛ ነበር፤ በእረፍት ቀኑ ስድስት ድቅል በጎች የሚያረባ፣ እጁ ላይ ሲሚንቶ የደረቀበት። «እንግዲያው እርስዎ ከተውት ነጩን እኔ ልውሰደው?» አለ በደስታ።

ዓይናማው ዝም ብሎ መሄድ ይችል ነበር። አውራውን ይዟል፤ ስሙም አብሮት ነው። ሁለት እርምጃ ከተራመደ በኋላ ቆመ።

«ድቅል ካሉህ አትውሰደው» አለ። «ትላልቅ በጎች ላሉት ሰው ወርቅ ነው። አንተ ግን መጀመሪያ እናቱ እንዴት እንደወለደችው ጠይቅ።»

ጢሞ ጢሙ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «ምን? አራስ ልትጠይቅ ነው እንዴ የመጣኸው?»

ሰዎቹም ሳቁ። ዓይናማው እስኪጨርሱ ጠበቀ።

«አዎ» አለ። «ሠላሳ ዓመት ዘግይቼ ነው እንጂ አራስ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ያ ሁሉ አውራ የሚስቴ ምርጫ ነበር። እዚያ ገብታ ባለቤትህን ትጠይቅና መጥታ ትነግረኛለች። እኔ የመረጥኩት የአምናውን ነው። እሱንም አይታችሁታል።»

የጢሞ ሚስት በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ በእጇ ኩባያውን ይዛለች። ግንበኛው አንዴ ነጩን፣ አንዴ እሷን አየና ኮፍያውን አውልቆ ወደ ማድ ቤቱ ሄደ።

«ገበያዬን ገደልከው አንተ ሰውዬ!» አለ ጢሞ። ሆኖም ገመዱን መኪናው ላይ ራሱ አሰረለት።

በመንገድ ላይ መኪናውን የምትነዳው ልጁ ነበረች። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ፣ «እኔ እኮ ስኳር በሽታ ይዟት ይሆን እያልኩ እሰጋ ነበር» አለች። «ውኃ ውኃ ስትል።» ሁለቱም ሳቁ፤ እሱ ሳቁን ሲጨርስ መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተው።

ክረምቱ ረጅም ነበር። ዝናቡ ከጎን እየመጣ ሳንቃውን ደበደበው፤ ውስጥ ግን ደረቅ ነበር። ዓይናማው በየሳምንቱ መዳፉን ወገባቸው ላይ ያደርጋል፤ የግራው ጋጣ አንድ በአንድ ባዶ ሆነ። ሆዳቸው ሲገፋ ልጁ ገመድ፣ ዘይትና ንጹሕ ጨርቅ በባልዲ አዘጋጅታ በሩ ሥር አስቀመጠች። በወጣች በገባች ቁጥር ታየዋለች። «አልረሳሁም ያልኩትን» ትለዋለች። «አውቃለሁ» ይላታል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ደመናው ገለል ሲል፣ «አባዬ!» ብላ ስትጣራ ሰማ። ድምፅዋ የደስታ ይሁን የድንጋጤ መለየት አቃተው። ጉልበቱ እንደፈቀደለት ሮጠ፤ ባልዲውን አንስቶ፣ ገመዱን አውጥቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ገባ።

ልጁ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። በመጀመሪያ የወለደችው አምና ልጇ ሞቶባት እሷ የተረፈችው አንዲት ግራጫ በግ ነበረች። ድርቆሽ በአፏ እንደያዘች ዞራ የጣለችውን ትልሳለች። ግልገሉ ቡናማ ነው፤ በአራት እግሩ እየተንገዳገደ ጡቷን ፍለጋ በተሳሳተ ወገን ሆዷን ይገፋል።

«ምንም አላደረግኩም» አለች ልጁ። «ባልዲ ላነሳ ዞር አልኩ፣ በቃ። ዞር አልኩና...»

አሥሩ ገና ይቀራሉ፤ ሁለቱም ይህን ያውቃሉ። ግን ልጁ ገመዱን ከእጁ ወስዳ ጠቀለለችና ምስማሩ ላይ፣ ከዝናብ ልብሱ ጎን ሰቀለችው።

ዓይናማው ባልዲውን አጥቦ ውኃ ሞልቶ ተመለሰ። ግራጫዋ አፍንጫዋን እስከ ዓይኗ ነክራ ጠጣች፤ ትንፋሽ ሳትወስድ፣ ጉሮሮዋ እየተሰማ፣ ባልዲው ግማሽ እስኪሆን ድረስ። አጠገቧ ተንበርክኮ ባልዲውን ደገፈላት።

«ይቺስ የእውነቷን ጠምቷት ነበር» አለ።