ሳላይ የፈረምሁበት ወረቀት

ቅዱሳን፣ ጌታ ይባረክ! ዛሬ የቆምሁት ጎበዝ ነርስ መሆኔን ልነግራችሁ አይደለም፤ ጌታ ከምን እንዳወጣኝ ልመሰክር ነው። በጸሎት ደግፉኝ።

ቁስቋም ሰፈር ያደግሁ የቄስ ልጅ ነኝ። አባቴ እግዚአብሔርን መፍራት አስተምረውኛል፤ እኔ ግን የምፈራው ሰውን ነበር። ለዓመታት የነርስ ተማሪዎችን አስተማርሁ። የአእምሮ ሕመምተኛ ኪኒን ሲወስድ አፉን ከፍቶ፣ ምላሱን አንስቶ ካላሳየ እንዳትፈርሙ እያልሁ አስጨንቃቸው ነበር። ይህን ስለረሳች ሰናይት የምትባል ተማሪዬን በተግባር ፈተና ጥያታለሁ። ያን ጊዜ ቁጡ ነበርሁ፣ ወገኖቼ!

በኋላ ወታደሮች በአእምሮ ሕመም ወደሚታከሙበት ክፍል ተዛወርሁ። ሰናይትም ተመርቃ እዚያው ትሠራ ነበር። ጌታን ታውቃለች፤ ነይ ቤተ ክርስቲያን እንሂድ ስትለኝ እስቅባት ነበር።

እዚያ አንድ የኮሶዬ ሰው ተኝተው ነበር፤ ከግንባር የመጡ ሃምሳ አለቃ፣ የአባቴ እኩያ። አያ ፈንቴ እንላቸዋለን። ኪኒናቸውን ስሰጣቸው አፍዎን ይክፈቱ ማለት አቃተኝ። ለአባት እንዴት እንዲህ ይባላል? ሐፍረት ያዘኝ።

«አያ፣ ዋጡት?» እላለሁ።

«ዋጥሁት እንጂ ልጄ» ይላሉ።

እፈርማለሁ። ሳላይ! በየቀኑ!

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ብጠራቸው፣ ብነቀንቃቸው አልነቃ አሉ። ትራሳቸውን ሳነሳ የኪኒን ብናኝ ያለበት ባዶ ፌስታል አገኘሁ። ሲያጠራቅሙ ኖረው አንድ ላይ ወስደውታል ማለት ነው። ወገኖቼ፣ ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ? ፌስታሉን ኪሴ ከተትሁት።

ዶክተሩ ሮጦ መጣና የፈረምሁበትን የመድኃኒት ወረቀት አየ። «ሲስተር፣ እዚህ በየቀኑ ውጠዋል ይላል። እርግጠኛ ነሽ? አጠራቅመው ከሆነ ሕክምናው ሌላ ነው። ቶሎ በይ!»

ሥራዬ፣ ስሜ፣ ልጆቼ ታዩኝ። ሰናይት አጠገቤ ናት፤ ኪሴን ታያለች። ቀስ ብላ «ቲቸር፣ ጌታ አለ። ንገሪው» አለችኝ። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ጸለይሁ፤ «ኢየሱስ ሆይ፣ እኔ ልዋረድ፣ እሳቸው ይትረፉ» አልሁ። ፌስታሉን አወጣሁና «አፋቸውን አይቼ አላውቅም፤ የፈረምሁት በውሸት ነው» አልሁ።

ሃሌሉያ! ዶክተሩ ወዲያው ወደ ሥራው ገባ። ሦስት ቀን እህል አልቀመስሁም። በአራተኛው ቀን አያ ፈንቴ ዓይናቸውን ገለጡ! ክብር ለጌታ ይሁን!

እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅሁ። «ምነው ልጄ፣ ተነሽ» አሉኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና «እኔስ ዛሬ ክፈት ትለኛለች፣ ዛሬ ትይዘኛለች እያልሁ እጠብቅሽ ነበር» አሉ። ይህን ሰምቼ እንዴት አለቀስሁ! በዚያው እሑድ ከሰናይት ጋር እዚህ መጥቼ ጌታን ተቀበልሁ።

ቅዱሳን፣ ጉዳዬ አሁንም በዲሲፕሊን ኮሚቴ እጅ ነው። ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይመታል፤ አልዋሻችሁም። ከሥራ ሊያሰናብቱኝም ይችላሉ። ጌታ ግን አልተወኝም፤ ስሙ ይባረክ! አያ ፈንቴም አገራቸው ገብተዋል።

እዚህ መካከል አንድ ነገር የደበቀ ወንድም፣ የደበቀች እህት ካላችሁ፣ ሰው መጥቶ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ። እኛ ሰዎች እናፍራለን፣ ሳንጠይቅ እናልፋለን። ለጌታ ዛሬ ንገሩት፤ እሱ አይደነግጥም።