ከረጢቱን ከደሴ ያመጡት ጋሽ ይመር

በከተማችን ሐኪም ቤት ላብራቶሪ ውስጥ ፀጉራቸው የሸበተው ጋሽ ይመር ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አርፈዋል። ይህን የምጽፈው እሳቸውን ለሚያውቁ ሁሉ ነው፤ ይበልጡን ግን ለእኛ፣ «ንፉግ» እያልን ላማናቸው። ከሐሜተኞቹ አንዷ እኔ ነበርኩ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በተፈተንኩበት ክረምት መቅኔዬ ደም መሥራት አቆመ። ከሁሉ በላይ ያነሰኝ ፕሌትሌት የሚባለው፣ የሚፈስ ደምን የሚያቆመው ነው። ድዴ ይደማል፤ ቆዳዬ ሳልመታ ይበልዛል። መድኃኒት ተጀመረልኝ፤ እስኪሠራ ግን ወራት ይፈጃል ተባለ። እስከዚያ መሰንበት ነበረብኝ።

አጎቴ ወሬውን ሲሰማ ከወግዲ አሥር ዘመድ በአይሱዙ ጭኖ መጣ። በእኛ አገር በሽተኛ በባዶ እጅ አይጠየቅም፤ እነሱ ደግሞ ደማቸውን ሊሰጡኝ መጡ። ጋሽ ይመር በር ላይ መለሷቸው።

«ይመር፣ ደማችን ሸተተህ?» አለ አጎቴ።

«ኧረ በአላህ! በዛብኝ እንጂ። ሰውነት እንደ ዘበኛ ነው። የመጀመሪያውን እንግዳ ዝም ብሎ ያሳልፋል፤ ሲበዛበት መልካቸውን ማጥናት ይጀምራል። ያኔ ልጅቷን የምር የቸገራት ቀን የመጣውን ፕሌትሌት ሁሉ ጠላት ነው ብሎ ይፈጀዋል። ከጥቂት ሰው፣ ተጣርቶ፣ በጭንቅ ቀን ብቻ ነው የሚሰጣት፤ ሐኪሟም የምትለው ይህንኑ ነው። እናንተ መስጠት ካማራችሁ ለወላዶች ስጡ።»

«ለማላውቃት ሴት?»

«እሷም እርስዎን አታውቅም፤ እኩል ናችሁ።»

አጎቴ ተመልሶ አይሱዙው ላይ ወጣ። እኔን እንኳ ደህና ሁኚ አላለኝም።

እኔም ከእሱ አልተሻልኩም። አንድ ጠዋት አፌን ደም ሞልቶት «ይሰጠኝ» ብዬ ጮህኩባቸው። ድዴን አይተው ንጹሕ ጨርቅ አጥፈው ሰጡኝ። «ይህ ይቆማል፤ ንከሺው። ፕሌትሌቱን ለማይቆመው እናቆይልሽ።»

«ከራስዎ ጉሮሮ የሚነጠቅ ይመስል ይሰስታሉ» አልኳቸው። ሳቁና ወንበር ስበው ደሙ እስኪቆም አጠገቤ ተቀመጡ።

የማይቆመውም መጣ። ነስር ያዘኝ፤ አፍንጫዬ በፋሻ ቢጠቀጠቅም ደሙ በጉሮሮዬ ይወርዳል። ፕሌትሌት የሚገኘው ደሴ ነው። ጋሽ ይመር ቁጥሬ ሲወርድ አይተው በዋዜማው ወደዚያ ሄደው ነበር። ነጭ ሴሉ በማጣሪያ ካልወጣለት አልቀበልም ብለው፣ እዚያው ቆመው እንዳስጣሩት በኋላ ሰማሁ። ዘበኛውን ይበልጥ የሚያስቆጣው ነጭ ሴሉ ነው ይሉ ነበር።

ፕሌትሌት በረዶ አይወድም፤ ዝም ብሎ መቀመጥም አይወድም። ስለዚህ ከረጢቱን ጭናቸው ላይ አድርገው እስከ ከተማችን መካነ ሰላም ቀስ እያሉ ሲያወዛውዙት መጡ። የመኪናው ረዳት «ጋሼ፣ ልጁ አልተኛም እንዴ?» ቢላቸው «እንዳይተኛ ነው» አሉት።

ያ ከረጢት ተሰጠኝ። ከዚያ በፊት የተሰጠኝ ሁለቴ ብቻ ነው፤ ሁለቱም የተጣራ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ናሙና ወስደው ላብራቶሪ ገቡ። ሰውነቴ አልቀበልም ቢል ሌላ ከረጢት አልነበረም። ሲመለሱ በሩን ተደግፈው «ዘበኛሽ አሳልፎታል» አሉኝ። ከዚያ ተቀመጡ። ነስሩ ቆመ፤ ከወራት በኋላ መድኃኒቱም መቅኔዬን ቀሰቀሰው። ዛሬ ይኸው በእግሬ ቆሜ እጽፋለሁ።

ጋሽ ይመር፣ ንፉግ ስላልኩዎት በሕይወት ሳሉ ይቅርታ ጠይቄዎታለሁ። እርስዎም «እየሰደብሽኝ ኑሪልኝ» ብለውኛል። አሁን የምነግርዎት ሌላ ነው። አጎቴ ከቀብርዎ መልስ ወደ ወግዲ አልሄደም፤ ሐኪም ቤት ገብቶ እጅጌውን ሰብስቦ ተጋደመ። ደም የምትቀዳው ልጅ «ለማን ነው፣ አባቴ?» ብትለው «ለማላውቃት» አላት።

አላህ በጀነት ያኑርዎት። ከረጢቱ ደርሷል፤ እንግዲህ እጅዎን ያሳርፉ።