ሽታ ያልነካው ጣሳ

ባቡሩ ከሃንግዡ ከተነሳ ጀምሮ ሽማግሌው አልተቀመጡም። ሰው ብርቱካን ሲልጥ ወደ በሩ፣ ሲጋራ የሚሸት ሲመጣ ወደ መስኮቱ ይሸሻሉ። ካፖርታቸው ውስጥ የታቀፉትን ጣሳ በጣታቸው እንደ ከበሮ ይመቱታል። የባቡሩ አስተናጋጅ ጂንፌንግ የተጠበሰ ዳክዬ የጫነውን የምግብ ጋሪዋን እየገፋች ስትደርስ እጃቸውን ዘረጉ።

«ልጄ፣ ዳክዬሽን ይዘሽ እዚያው ቁሚልኝ።»

«ምነው አባባ፣ የታቀፉት ሙሽራ ነው እንዴ?»

«ትናንት የቆላሁት የዘንድሮ የመጀመሪያው ቅጠል ነው። አረንጓዴ ሻይ ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይስባል። ባለቤቴ ናንጂንግ ሆስፒታል ናት፤ ስሜን ከረሳችው ቆየች። አምና ግን ይሄን ስታሸት የኮረብታችንን ስም ጠርታ ሳቀች። ዘንድሮ የኔን ትጠራ ይሆናል።»

ጂንፌንግ ዳክዬውን ከደነችና ጥግ ተቀምጦ ነጭ ሽንኩርት ወደሚያኝከው ጎልማሳ ዞረች።

«አንተ ባለ ነጭ ሽንኩርት፣ እስከ ናንጂንግ እንዳትተነፍስ።»