ገነቴ የፈረመችበት ወረቀት

ገነቴ በሆሳዕና ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለ አንድ የፕሮጀክት ቢሮ አሥራ አንድ ዓመት አጽድታለች፣ ሻይ አፍልታለች፣ ደብዳቤ በእግሯ አድርሳለች። ትምህርቷን ከሰባተኛ ክፍል ብታቋርጥም የቢሮውን እንግሊዝኛ በጆሮዋ ለቃቅማዋለች። አለቆቹ መኪና ሲያጋጩ «ቻሌንጅ» ይባላል፤ እሷ ብርጭቆ ስትሰብር «ፕሮብሌም»። እነሱ ሲያረፍዱ «ዲሌይ»፣ እሷ ስታረፍድ «አብሰንት»። ከሁለት ቃል ክፉው ምንጊዜም ለእሷ ነው። ሰልችቷት ልብ ማለቱን ትታው ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ አቶ ማቴዎስ ጠሯት።

«ፕሮጀክቱ ሊዘጋ ነው፤ ሁላችሁም ትሸኛላችሁ። እዚህ ጋ ፈርሚ።»

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው። እሷ ደብዳቤ ስታደርስ፣ ተቀባዩ ሁሉ ደብተሯ ላይ ለመረከቡ ይፈርምላታል። ይሄም እንደዚያው መስሏት ፈረመች።

ጸሐፊዋ ትርሲት ቅጂውን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

«እትዬ፣ ምን ነካሽ? የእኛ እኮ ‹ሌይኦፍ› ነው የሚለው። ያንቺ ‹ሪዛይን› ይላል።»

«ሁለቱም ከሥራ መውጣት አይደል?»

«እኛን እነሱ አስወጡን፤ አዲሱ ፕሮጀክት ሲከፈት ቅድሚያ እንጠራለን። አንቺ ግን በፈቃድሽ ለቅቀሻል። ማን ይጠራሻል? አቶ ማቴዎስ ቦታሽን ለሚስታቸው እህት አስበውላት ነው።»

የገነቴ ደም ፈላ። ከደብተሯ አንድ ገጽ ገንጥላ፣ ብዕሩን እንደ መጥረጊያ ጨብጣ ጻፈች፦ «ሥራዬን በፈቃዴ አልለቀቅሁም። የፈረምኩት ምን እንደሚል ሳይነገረኝ ነው።» በሌላ ገጽም ያንኑ ገልብጣ ቅጂ አዘጋጀች። ሳታንኳኳ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች።

አቶ ማቴዎስ አንብበው ሳቁ። «ደሞ ደብዳቤ ጸሐፊ ሆንሽ? ቃሉ ያው ነው፤ አትጨቃጨቂ።»

«ያው ከሆነ የኔንም እንደ ትርሲት ያድርጉልኝ።»

ሳቃቸው ቆመ። «አንዴ ተፈርሟል።»

«እንግዲያው እርስዎም ይፈርሙልኝ። መረከብዎን ብቻ።» ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ደብተር ሳስፈርም እምቢ ያለኝ ሰው የለም። ቅጂውን ይዤ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ልከስ እሄዳለሁ።»

ትርሲትና ሾፌሩ አጵሎስ በር ላይ ቆመው ያያሉ። አቶ ማቴዎስ ፈርመው ብዕሩን ወረወሩት።

ይጠሯት እንደሆነ እንጃ፤ እሷም ብዙ አልጠበቀችም። ደብተሩን በብብቷ ሸጉጣ ወጣች። የሻዩን ማንቆርቆሪያ ሳታጥብ የሄደችው በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያን ቀን ብቻ ነው።