መብራት ሲመጣ እንድናውቅ

እንጅባራ ላይ ፎቶ ቤት ከከፈትኩ ጀምሮ የምኮራበት አንድ ነገር ነበረኝ፤ ያነሳሁትን ፎቶ አላጠፋም። የሠርጉም፣ የክርስትናውም፣ የጥምቀቱም ኮምፒውተሬ ውስጥ ነው። ሰው የሞተበት ከየገጠሩ ይመጣል፤ ፈልጌ፣ አሳድጌ እሰጠዋለሁ። ለቅሶ ላይ ያ ፎቶ ተይዞ ሲለቀስ ሳይ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ «የኔ ሥራ ነው» እል ነበር በሆዴ።

ጎረቤቴ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። «የሁሉንም ቅጂ ሃርድ ዲስክ ላይ አድርግና ቤትህ ይደር» እያለ ጨቀጨቀኝ። ሃርድ ዲስኩንስ ገዛሁ። ግን ማን በየቀኑ ተሸክሞት ይመላለሳል? ኮምፒውተሩ ላይ እንደሰካሁት እዚያው ተውኩት። «ሁለቱን አንድ ላይ አስተኛሃቸው እኮ! አንድ ነገር ቢመጣስ?» ሲለኝ፣ «አንተ ደግሞ ማሟረት ትወዳለህ!» ብዬ አባረርኩት።

ክረምት ነበር፤ መብራት ከሄደ ሦስት ቀን ሆኖታል። እኛ ዘንድ መብራት ሲሄድ ማብሪያውን ማጥፋት የለም። ካጠፋነው መምጣቱን በምን እናውቃለን? ደግሞ መጥቶ ወዲያው ይሄዳል ብለን ስለምንሰጋ፣ ሁሉን ነገር ሰክተን፣ ከፍተን ነው የምንጠብቀው። ያን ቀን ረፋድ ላይ መጣ፤ አመጣጡ ግን የጤና አልነበረም። አምፖሉ ቦግ ብሎ ፈነዳ። መንገድ ላይ ሰው «መጣ! መጣ!» ሲል እኔን የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸተኛል። ኮምፒውተሩም ሃርድ ዲስኩም አብረው ተቃጠሉ። ጎረቤቴ ፈታቶ አያቸውና አንገቱን ነቀነቀ። አላመንኩትም፤ ባሕር ዳር ድረስ ይዣቸው ሄድኩ። እዚያም ያው ነው ያሉኝ።

አሁንማ ጎበዝ ሆኛለሁ። አዲሱን ኮምፒውተር መብራት እንደሄደ እነቅለዋለሁ፤ መምጣቱን የሚነግረኝ አንድ አምፖል ብቻ ነው። ቅጂውን በየቀኑ ቤቴ ይዤው እገባለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

ከባሕር ዳር በተመለስኩ በሳምንቱ አንዲት እናት ከአዲስ ቅዳም ከተማ ማዶ መጡ። መጀመሪያ በአዊኛ፣ ቀጥለው በአማርኛ ነገሩኝ። ልጃቸው ለቀን ሥራ ቆላ ወርዶ በወባ ሞቷል፤ የተቀበረውም እዚያው ነው። ለጥምቀት እኔ ዘንድ ፎቶ ተነስቶ፣ «ስመለስ አሳጥበዋለሁ» ብሎ ነበር የሄደው። ሌላ ፎቶ የለውም።

«ለአርባው ትልቅ አድርገህ ስጠኝ ልጄ» አሉኝ።

ተቃጥሏል ማለት አቃተኝ። «ማሽኑ ተበላሽቷል እማማ፣ ለሳምንት ይምጡ» አልኳቸው። ለሳምንት መጡ። አሁንም «ለሳምንት» አልኳቸው። አፈር ልብላ፣ እኚህን ሐዘንተኛ በዝናብ ሦስት ጊዜ አመላለስኳቸው። በሦስተኛው ለአርባው ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ያኔ እያፈርኩ እውነቱን ተናገርኩ።

አልጮኹም፣ አልረገሙኝም። ምነው በረገሙኝ! ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉና፣ «አንተ ግን አይተኸዋል እኮ» አሉኝ። «እስቲ ንገረኝ፣ እንዴት ሆኖ ነበር የተነሳው?»

በጥምቀት ስንቱን አንስቻለሁ! ልጁ ትዝ አላለኝም። ሳያቸው ግን አንጀቴን በሉት፤ ላጽናናቸው ብዬ አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ።

«እየሳቀ ነበር እማማ። ጥርሱ በሙሉ እስኪታይ ነበር የሳቀው።»

እናትየው ቀና ብለው አዩኝ።

«የፊት ጥርሱ ሰባራ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ፎቶ ሲነሳ አፉን አይከፍትም ነበር።»