ሚስቴን የሚያስቁ ሁለት እንግሊዞች

ሚስቴን በማሳቅ የሚስተካከለኝ ሰው በዕድሜዬ አላጋጠመኝም ነበር። ገና ሳላገባት ነው ሳቋን የያዝኩት። ሰርግ ላይ፣ ክርስትና ላይ፣ ሐዘን ቤት እንኳ ለቅሶው በረድ ሲል፣ ሰዉን የማጫውተው እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። እንግሊዝኛውንም ከሬዲዮ ለቅሜ፣ የኤሲ ጥገናውንም የተጣለ ማሽን ፈትቼ ነው ያወቅሁት። እዚህ አሜሪካ፣ ዳላስ አጠገብ ሜስኪት ከተማ ውስጥ ሙቀቱ ገብቶ ቤቱ አልቀዘቅዝ ያለው ሐበሻ ዛሬም መጀመሪያ የሚደውለው ለእኔ ነው።

ይህችን ሴት ሁለት የሞቱ እንግሊዞች ወሰዱብኝ።

ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ተደርጋ ቤት የተቀመጠች ጊዜ ነው። ነርሲንግ የምትማረው የልጅ ልጃችን አያቷ እንዳይሰለቻት ብላ ታብሌቷን አመጣችና የድሮ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ቀልድ ከፈተችላት። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፤ ሁለቱም ሙሉ ልብስ ከነክራባቱ። በዘመናቸው አገሩ ሁሉ ሥራውን ትቶ ይመለከታቸው ነበር አሉ። ሚስቴ የምታውቀው እንግሊዝኛ ሐኪም ቤትና ገበያ አድርሶ የሚመልሳት ብቻ ነው። እኔ ጋራዥ ውስጥ ሆኜ ግን ሳቋን ሰማሁ። አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ታፍነዋለች፣ ከዚያ ትንፋሽ ያጥራታል፣ መጨረሻ ላይ «ወይኔ ጎኔን!» ትላለች። ያ «ወይኔ ጎኔን» የእኔ ነበር።

ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዝናብ ይዘንባል፤ ሁለቱ ሰዎች ያላቸው አንድ ጃንጥላ ነው። አጭሩ ሲይዘው የረጅሙ ራስ ጃንጥላው ውስጥ ይቀበራል፤ ረጅሙ ሲይዘው አጭሩ ይበሰብሳል። ረጅሙ ስለ ቀኑ ማማር ያወራል። አጭሩ ዝም ብሎ ወደ እኛ ያያል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሚስቴ እንባዋን ትጠርጋለች።

«ምን እንዳለ ገብቶሻል?» አልኳት። «ቀኑ አምሯል ነው ያለው። እየዘነበ ስለሆነ ተቃራኒውን መናገሩ...»

«ዝም በል እባክህ! ሳቄን አታበላሽብኝ።»

የልጅ ልጄም አገዘቻት። «አባባ፣ ኤክስፕሌን አታድርግ! ጀስት የአጭሩን ፊት እየው።»

አየሁት። ፊቱ ላይ ምንም የለም።

ቀናሁ፤ ለምን እደብቃለሁ? በሕይወት ያለ ሰው ቢሆን ቤቴ ጋብዤ፣ ሰው ፊት ገጥሜ እረታው ነበር። የሞተ ሰው እንዴት ይረታል? አያረጅ፣ ድምፁ አይሰልል፣ ጥርሱ አይወልቅ። ሾርባ አሙቄ ሳቀርብላት «ተባረክ» ትለኝና ዓይኗ ወደ እነሱ ይመለሳል። አንድ ቀን ታብሌቱን አዘግቼ ከጨዋታዎቼ ሁሉ የምመርጠውን ጀመርኩላት።

«ይሄን እኮ ነግረኸኛል» አለች።

«የእነሱንስ ትናንት አላየሽውም? ከትናንት ወዲያስ?»

«የእነሱ ሌላ ነው።»

ይህች ቃል ከነከነችኝ። እሷ ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል ታብሌቱን ጋራዥ ወሰድኩና እንደ ኤሲ ኮምፕረሰር ፈታኋቸው። አንዱን ጨዋታ እየመላለስኩ፣ ድምፁን እየዘጋሁ እየከፈትኩ መረመርኩት። ዩኒቨርሲቲ ገብተው ይህንን የሚያጠኑ ሰዎች አሉ ይባላል፤ እኔ በአንድ ከሰዓት ደረስኩበት። ሳቁ የሚመጣው ረጅሙ ሲናገር አይደለም፤ አጭሩ ሲሰማው ነው። እኔ የጎደለኝ ችሎታ ሳይሆን ኮስተር ብሎ አጠገቤ የሚቆም ሰው ኖሯል!

ፎርት ዎርዝ ታክሲ የሚነዳ ወዳጅ አለኝ፤ ፊቱ የዳኛ ፊት ነው። ጠርቼው ጋራዥ ውስጥ ተለማመድን። ገና አፌን ሳልከፍት ግን ይስቃል።

«አንተ፣ አትሳቅ አላልኩህም?»

«ምን ላድርግ ወንድሜ! ገና ስትቆም እኮ ነው የምታስቀኝ።»

እውነቱን ነው፤ ግን ለሥራው አልሆነም።

የልጅ ልጃችን ተመረቀችና ሮውሌት ከተማ እናቷ ቤት ድግስ ሆነ። ሚስቴ ጓሮው ውስጥ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ተቀምጣለች። ዛሬ እመልሳታለሁ ብዬ ብቻዬን ተነሳሁና የሳይረኑን ታሪክ ጀመርኩ። ዳላስ የገባን ሰሞን ነው፤ ቀትር ላይ ድንገት ሳይረን ከተማውን አናወጠው። ለካ የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያቸውን በየወሩ ይሞክሩታል። እኛ በምን እናውቃለን? ሰዓት እላፊ ያሳደገን ሰዎች ነን። ወታደር ቤት ለቤት ሊፈትሽ መጣ አልን።

«በሩን ቆለፍኩ! መጋረጃውን ዘጋሁ! እሷን በጀርባዬ ከልዬ...»

«አልጋ ሥር ነበርክ» አለች ሚስቴ።

ልማዷ ነው። ሰው ፊት ሳወራ ታርመኛለች፤ እኔም እጄን አንስቼ አስቆማታለሁ። እጄን አነሳሁ። ጓሮው ግን ሳቀ።

«አልጋ ሥር የገባሁት ቦታ ልይዝላት ነው!»

«እኔ ሽሮ እያማሰልኩ ነበር።»

«ድምፅ እንዳታሰሚ ብዬ በእጄ ምልክት...»

«መታወቂያዬን ወርውሪልኝ ነው ያልከው።»

ሰው ወንበሩን እየያዘ ሳቀ። እሷ ፊቷ ላይ ምንም የለም፤ የቤት ኪራይ ውል የምትሰማ ነው የምትመስለው። ድምፄን ከፍ ሳደርግ ሳቁ ባሰ። በሕይወቴ ያን ያህል ሰው አስቄ አላውቅም፤ ያን ያህልም ተናድጄ አላውቅም።

«እስቲ እንግዲያው አንቺ ጨርሺው!» ብዬ ቁጭ አልኩ።

«ጨርሻለሁ» አለች።

ከዚያ ዞራ አየችኝ። ምን ዓይነት ፊት እንደነበረኝ አላውቅም። ከንፈሯን ነከሰች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ትንፋሽ አጠራት፣ ጎኗን ያዘች። እንግሊዞቹን አይታ እንኳ እንዲህ ስቃ አታውቅም። መልሼ ወሰድኳት።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ወጣቶቹ ሁሉ እሷን ከበቡ። «እማማ፣ ድገሚው!» ይላሉ፤ ስልካቸውን ደግነዋል። አንዱ ጎረምሳ ወደ እኔ መጥቶ «አባባ፣ እስከዛሬ የት ደብቀዋቸው ነው?» አለኝ። ያስተማርኳት እኔ ነኝ አልኩት። ደግሞም ነኝ፤ ታሪኩ የማን ነው? አልጋ ሥር የገባው ማን ነው? እሷ ሽሮ ከማማሰል በቀር ምን አደረገች?

በሳምንቱ የፎርት ዎርዙ ወዳጄ ደወለ። ልጁን ሊድር ነው፤ መልሱ ላይ አጫውቱልን አለኝ።

«እኔ እበቃለሁ» አልኩት።

«አይ፣ እሷ ካልመጣች ይቅርብን።»

ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ገብቼ ነገርኳት። ታብሌቱን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ፤ ፊቷ ላይ አንዲት መስመር አልተንቀሳቀሰችም።

«አንተም ትመጣለህ እንዴ?» አለች።

«የምነዳው እኔ ነኝ» አልኳት።