ሳይበራ የቀረው መብራት

የመጀመሪያ መኪናዬን ልገዛ ስነሳ ቤተሰቡ በሙሉ ያለ አጎትሽ እንዳትሄጂ አለኝ። አጎቴ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው፤ እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተማሪዎችን ቅጽ ስመረምር የምውል፣ መንጃ ፈቃዷ ገና ያልቆሸሸ ሴት። የምገዛው ግን በስምንት ዓመት ቁጠባዬ ነው፤ ከተበላ ሁለተኛ የለኝም።

አንድ የመኪና ደላላ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ወዳለ ግቢ ወሰደን። ነጭ መኪና ታጥቦ ቆሟል። አጎቴ ኮፈኑን ከፍተው አዩ፣ ሞተሩን አስነስተው አዳመጡ፣ ከዚያ ዳሽቦርዱን እያሳዩኝ አንድም መብራት ስላልበራ ጤነኛ ነው አሉ። ደላላው ወዲያው ቀብድ እንድሰጥ ይወተውተኝ ጀመር።

እኔ ሲያጣድፉኝ እልኽ ይይዘኛል። ሞተሩ ይጥፋልኝ አልኩ። መንጃ ፈቃድ ስማር ያጠናሁት ነገር ነበር፤ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ብቻ ሲከፈት የማስጠንቀቂያ መብራቶቹ ሁሉ ሊበሩ ይገባል፤ የሚጠፉት ሞተሩ ሲነሳ ነው። ቁልፉን ከፈትኩ። የባትሪው በራ፣ የእጅ ፍሬኑ በራ። የዘይቱ ቀይ ምልክት፣ ያ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ማንቆርቆሪያ የሚመስለው፣ ጭልም እንዳለ ቀረ። ቅጽ ላይ ሳይሞላ የታለፈ ቦታ መፈለግ የዕለት ሥራዬ ነውና ዐይኔ እዚያው ተተከለ።

ደላላው አምፖሉ ተቃጥሎ ነው አለኝ። አጎቴም ለአንድ አምፖል ብለሽ እንዲህ ያለ መኪና እንዳያመልጥሽ አሉ። እንግዲያው ይቀየርልኝ ብዬ ድርቅ አልኩ። ከጎረቤት ጋራዥ የተጠራው መካኒክ ዳሽቦርዱን ሲፈታው አምፖሉ አልተቃጠለም፤ ጭራሽ የለም። ነቅለውታል። አዲስ አስገብቶ ሞተሩን አስነሳ። ቀዩ መብራት በራ፤ ብንጠብቅ፣ ብንጠብቅ አልጠፋም። መካኒኩ የዘይቱን ግፊት ለካና በጣም ዝቅ ብሏል፣ ይህ ሞተር ወር አይቆይም አለ።

ደስታዬን አልደብቅም፤ ግቢው ውስጥ መዝለል ነው የቀረኝ። ስምንት ዓመቴን በገዛ ዐይኔ አተረፍኩ። ደላላው አላወቅኩም፣ ባለቤቱ ነው ያስነቀለው እያለ ይምላል። አጎቴ መሪው ላይ ተቀምጠው ቀዩን መብራት በጣታቸው ነካ አደረጉት፤ አፍረው እንዳይሆን ብዬ ሰጋሁ። ከዚያ ወረዱና ደላላውን ጠሩት።

"ሌላ መኪና ካለህ አሳየን" አሉት። "የምትመረምረው ግን እሷ ናት። እኔ አጃቢ ነኝ።"